ክረምት እንጦጦ ላይ ሲይዛችሁ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ነሐሴ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን፣ እንጦጦ ማርያምን አልፈን፣ ሸንተረሩን ይዘን ሱሉልታ ለመውረድ ወጣን። ስድስት ነበርን፤ ሱሉልታ የገባነው አራት ነው። አትደንግጡ፣ ሁለቱ ዝናቡ ሲበረታ አስፋልቱ ጋ ወርደው ታክሲ ይዘው ቤታቸው ገብተዋል። ያን ቀን የሠራነውን ስህተት ስቆጥረው ግን አብዛኛው ጠብታ ሳይወርድ በፊት የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው «እንጦጦ እኮ እዚሁ ነው» ማለት ነው። ከተማው ከእግራችሁ ሥር ስለሚታይ ሰፈር ያላችሁ ይመስላችኋል። የተራራው ጫፍ ግን 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ መሀል ከተማው 2,400 አካባቢ። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ፒያሳ ላይ ሹራብ የሚበቃበት ቀን እዚያ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከረጠባችሁ ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛው አርፍዶ መነሣት። በክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ሰማዩ ፊቱን የሚያጠቁረው ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ 1 ሰዓት ላይ ተቀጣጥረን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። አንዱ ጓደኛችን በየ15 ደቂቃው «መንገድ ላይ ነኝ» ይል ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «መንገድ ላይ ነኝ» ካለ ገና ፊቱን እየታጠበ ነው። ዝናቡ 7 ሰዓት ላይ፣ መጠለያ በሌለበት ሸንተረር ላይ አገኘን።

ልብስ ላይ የሚሠራው ስህተት ብዙ ነው። ጂንስ አትልበሱ። ውሃ ከጠጣ በኋላ ይከብዳል፣ ጭን ይልጣል፣ እስከ ማታ አይደርቅም። ጋቢም ለደረቅ ብርድ እንጂ ለዝናብ አይሆንም። ጥጥ ስለሆነ ሲረጥብ በግ የተሸከማችሁ ያህል ይከብዳል። ጃንጥላን ሸንተረሩ ላይ ያለው ነፋስ አንዴ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። ከሁሉ የከፋው ግን የእኔ ነው፦ የዝናብ ልብሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከሁሉም ሥር ቀበርኩት። ማካፋት ሲጀምር «ያልፋል» ብዬ ዝም አልኩ። ሲብስ ለማውጣት ቦርሳውን ስከፍት ዳቦው፣ ሹራቡ፣ ትርፍ ካልሲው ሁሉ ዓይኔ እያየ ረጠበ። አሁን የዝናብ ልብሱ ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ ካልሲና ሹራብ ደግሞ በፌስታል ይጠቀለላሉ። አንድ ፌስታል ይቀደዳል፣ ሁለት አድርጉት።

ዛፍ ሥር መጠለልም አለ። ባሕር ዛፉ ረጅም ነው፣ ሸንተረሩም ከፍ ያለ ነው፤ መብረቅ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ፦ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ከነጎደ ቅርብ ነውና ከጫፉ ውረዱ። እኛ ትልቅ ዛፍ ተደግፈን ፎቶ እየተነሣን ነበር።

አወራረዱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የተረገጠው መንገድ ለስላሳ ስለሆነ ደህና ይመስላል። ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና ነው። እኔ ሁለቴ ወደቅኩ። ሦስተኛው ላይ ስንገዳገድ የእንጨት ሸክም ያዘለች እናት ከኋላዬ ደረሰች። ጎንበስ ብላ፣ ሸክሙ ከእሷ ቁመት ይበልጣል፣ ጫማዋ ደግሞ ተራ ኮንጎ ነው። «ልጄ፣ በሳሩ ሂድ እንጂ! ተረከዝህን አትትከል» አለችኝ። አልፋኝ ስትሄድ እግሯን አየሁት፦ እርምጃዋ አጭር ነው፣ ጉልበቷ ሁሌም ትንሽ እጥፍ ያለ ነው፣ የምትረግጠው ሳር ወይም ሥር ያለበትን ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ለጫማዬ ያወጣሁትን ብር ሳስብ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ አልወደቅኩም።

በሞላ ጅረት መሻገር ደግሞ አይሞከርም። እንጦጦ የውሃ ክፍልፋይ ነው፦ በከተማው በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ በየትኛውም ወገን ብትወርዱ ውሃ እየተከተላችሁ ነው። ጠዋት በድንጋይ ላይ የዘለላችሁት ቦይ፣ እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብ እንኳ፣ ላይ ከዘነበ ከሰዓት ደፍርሶ ይጠብቃችኋል። ጠብቁት፣ ወይ ዙሩ።

ስልክ በፌስታል። የረጠበ ጣት ስክሪኑን አያዘውም።

ምሳ ቁጭ ብሎ መብላትም ስህተት ነው፣ በዝናብ ጊዜ ማለቴ ነው። በእግር እስከሄዳችሁ ድረስ ሰውነት ይሞቃል፤ ቁጭ ባላችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆሎ በኪስ፣ በሶ በኮዳ፣ እየሄዱ መቅመስ። አንዱ ጓደኛችን መንቀጥቀጥ ጀምሮ ንግግሩ ሲኮላተፍ ነው ሁለቱ ወደ አስፋልቱ ይውረዱ ያልነው። እንዲህ ያለውን ምልክት «ደከመው» ብላችሁ አትለፉት፤ ደረቅ ልብስ፣ ትኩስ ሻይ፣ ከዚያ ቤት።

የመጨረሻው ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚሠራ ነው። የረጠበ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ውስጥ ተዉት፣ ጋዜጣውንም ሲረጥብ ቀይሩት። እኔ ቸኩዬ ምድጃ ዳር አስጠጋሁት፣ ማስቲሹ ቀለጠና የግራው ሶል አፉን ከፈተ። እስካሁን ሊስትሮ ጋ ነው ያለው።