«ግራንድፋዘርድ ነው» ተብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ንግድ ቤት ለመግዛት የዞረ ሁሉ ይቺን «ግራንድፋዘርድ» የምትል ቃል ከኤጀንት አፍ ሰምቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቤት በሕጋዊ መንገድ ሱቅ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ዞኒንጉ (የትኛው ሰፈር ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደንብ) ሰፈሩን «መኖሪያ ብቻ» ቢለው፣ ሱቁ በነበረበት የመቀጠል መብት አለው።

አንደኛው ስህተት መዝጋት ነው። ስንቴ ልናገር! «ቁልፉን ተቀብያለሁ፣ ቀስ ብዬ አድሳለሁ፣ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ እከፍታለሁ» ይላል ገዢው። መብቱ የሚቆየው ሥራው እስካልተቋረጠ ድረስ ነው። ቨርጂኒያ ከ2 ዓመት በላይ ከተቋረጠ አበቃ። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ 6 ወር፤ አዎ፣ ወር! ዲሲ (ዋሽንግተን ከተማዋ) ከ3 ዓመት ካለፈ እንደተዋችሁት ይቆጠራል፤ አልተውነውም ብሎ ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ነው። አንድ ደንበኛዬ ቨርጂኒያ ሱቅ በገዛ ማግስት እናቱን ሊያስታምም አዲስ አበባ ገባ። ሐዘንም ተከተለ፣ 27 ወር ቆየ። «ዕቃው እኮ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው» አለኝ ሲመለስ። የመብራት ቢሉን አየሁት፤ የአንዲት ፍሪጅ ፍጆታ። የሽያጭ ታክሱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በሱቅ ዋጋ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ቀረ።

ለኪራይ የተሠራ ቤዝመንትስ (ምድር ቤት)? «20 ዓመት ሲከራይ ኖሯል» ይሏችኋል። ሲጀመር ፈቃድ ያልነበረው ነገር ስላረጀ ብቻ ሕጋዊ አይሆንም።

ማስፋትም አይታሰብ፤ ጓሮውን ወደ ሱቁ ከመቀላቀላችሁ በፊት ዞኒንግ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ማፍረስን በተመለከተ አፍሬ ነው የምጽፈው። የራሴ ቤት አሮጌ በረንዳ በድሮው ደንብ የጎረቤትን ወሰን ተጠግቶ የተሠራ ነበር። ሠራተኛው «በስብሷል» ብሎ ሙሉ በሙሉ ሲነቅለው ቆሜ አየሁ። መልሼ ልሠራ ስል «የዛሬው ደንብ በሚለው ልክ ከወሰኑ ርቀህ ሥራ» ተባልኩ። አሁን ያለኝ በረንዳ አንድ ወንበር ካስገባ በሩ አይከፈትም። ፈቃድ አውጥቼ ቁራጭ በቁራጭ ማስጠገን ነበረብኝ፤ ለሰው ስመክር የኖርኩት እኮ ይሄንኑ ነው።

መብቱ የሚከተለው ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አይደለም፤ ስለዚህ ሽያጭ አያቋርጠውም። ዲሲ ግን ሲ ኦፍ ኦውን (ቤቱ ለምን ሥራ እንደተፈቀደ የሚገልጸውን ወረቀት) በስማችሁ አዲስ ማውጣት አለባችሁ። ይህ የዞኒንግ መብት ደግሞ ከእሳትና ከጤና ደንቡ አያድናችሁም።

ከሻጩ የድሮውን ሲ ኦፍ ኦ፣ በየጊዜው የታደሰውን የንግድ ፈቃድና የታክስ ወረቀቱን ጠይቁ። ሻጩ «ጠፍቶብኛል» ካላችሁ፣ ሱቅ የሚለውን ቃል እርሱትና በመኖሪያ ቤት ዋጋ ተደራደሩ።