መኪናችሁ ካንጠባጠበች መጀመሪያ ካርቶን

አሮጌ ኮሮላ የምትነዱ፣ ማታ ስታቆሙ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ቀለሙን እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ)። ጎማው አጠገብ የሚያሙለጨልጭ ቀጭን ፈሳሽ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናዋን አታንቀሳቅሷት፣ መካኒኩ ራሱ ይምጣ።

የእኔን «ሞተር ይውረድ» ብለውኝ ነበር። እስቲ ብዬ ሞተሩን አሳጥቤ ሁለት ቀን ነድቼ ባየው፣ ዘይቱ የሚወጣው ከላይ፣ ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጎሚኒ ሆኖ ተገኘ። በጎን እየወረደ ነው ለካ ከሥር የሚንጠባጠበው! ጎሚኒው ተቀየረ፣ አለቀ።

ክረምት ላይ ደግሞ ላቫጆ ስትገቡ ከጎማው በላይ ውስጥ ውስጡን የተጠራቀመውን ጭቃ አስወጡ። እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ቆርቆሮውን ቶሎ ያዝገዋል።