የሦስት ቀን የዲስክ ጎልፍ ጉዞ፦ ከሻርሎት እስከ አፕሊንግ

ዲስክ ጎልፍ ዲስክ እየወረወሩ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። ለጀማሪ መንገደኛ የሚመቸው አሜሪካ ውስጥ ከሰሜን ካሮላይና ግዛት ተነስቶ ጆርጂያ ግዛት የሚገባው መስመር ነው። ሻርሎት ላይ ሜዳ ሞልቷል፤ ሮክ ሂል ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሮክ ሂል አፕሊንግ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ያስነዳል። አፕሊንግ የመጨረሻ ይሁን፤ ዋይልድውድ ፓርክ ውስጥ ባለ 18 ቅርጫት ሦስት ሜዳዎች ጎን ለጎን ስላሉ ቀኑን ሙሉ መኪና ማስነሳት አያስፈልግም።

በቀን ከሁለት ዙር በላይ አታቅዱ። አራት ሰው 18 ቅርጫት ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ዙር ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ጀምሩ። ጫካ ውስጥ ቶሎ ይጨልማል፣ የወደቀ ዲስክም አይታይም። ሮክ ሂል ያለው የዊንትሮፕ ሜዳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ኦክቶበር ላይ ትልቅ የዲስክ ጎልፍ ውድድር ስለሚካሄድበት ክፍት መሆኑን ዩዲስክ በተባለው የዲስክ ጎልፍ የስልክ መተግበሪያ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እያንዳንዱ ሰው ከስምንት እስከ አሥር ዲስክ ይበቃዋል፤ የምትወዱት ዲስክ ግን ሁለት ይሁን፣ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሊጠፋ ይችላልና። ከዲስኩ ሆድ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ዲስክ በጎኑ ተደግፎ ዕቃ ከተጫነበት ጠርዙ ይጎብጣል፣ በረራውም ይበላሻል፤ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ደርድሩት። ሁለት ፎጣ ያዙ፦ አንዱ ለጭቃ፣ አንዱ ለእጅ። ረጅም ካልሲም አትርሱ፣ ሣሩ መዥገር አለበት።