ጦርነት የከፈተን መሪ ለፍርድ ለማቅረብ

መጀመሪያ ክሱን ለዩ፤ ጦርነቱን መክፈት የወረራ ወንጀል ሲሆን በጦርነቱ ሰላማዊ ሰው ሆን ብሎ መግደል ግን የጦር ወንጀል ነው።

ወረራን የሚያስረዳው የውሳኔው ሰነድ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስብሰባ አዘዘ? እ.ኤ.አ. በ2010 ካምፓላ ላይ የጸደቀው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ድንጋጌ የሚጠይቀው የአገሩን ፖለቲካ ወይም ጦር የሚመራውን እንጂ ተራ ወታደሩን አይደለም። መሪው «ራሴን ተከላከልኩ» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቀድሞ የታጠቀ ጥቃት ደርሶበት እንደሆነ በቀን ቅደም ተከተል አጣሩ።

ክሱ በብዛት የሚሰናከለው ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ላይ ነው። ወራሪው አገር የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ካልሆነ፣ ወረራውን ወደዚያ የሚመራው የጸጥታው ምክር ቤት ብቻ ነው፤ ከ5ቱ ቋሚ አባላት ደግሞ አንዱ ብቻውን እንኳ ሊያግደው ይችላል። ይህ በእጅጉ የሚያንገበግብ ቀዳዳ ነው። ተወራሪዋ አገር አባል ከሆነች ግን በግዛቷ የተፈጸመው የጦር ወንጀል ይከሰሳል፤ በዚያ በኩል ግቡ። ወንጀሉ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) አይቀርምና የማስረጃውን ዋና ቪዲዮ ሳትቆርጡ አስቀምጡ።