ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አራስ ጥየቃ ሄዶ «አታንሺው፣ እቅፍ ይለምድብሻል» የሚለውን ምክር ሳይሰሙ መመለስ ይከብዳል። አክስትም ትለዋለች፣ ጎረቤትም ትለዋለች፣ በቅን ልብ ነው። ግን የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የጥቂት ወራት ሕፃን እናቱን ለማስቸገር ብሎ አያለቅስም፤ ሌላ መናገሪያ የለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲልቪያ ቤልና ሜሪ አይንስዎርዝ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ 26 ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ጥናት፣ ሲያለቅሱ ቶሎ ይነሱ የነበሩት ልጆች ዓመት ሊሞላቸው ሲል ለቅሷቸው ቀንሶ እንደተገኘ ያሳያል። ስለዚህ አንሺው።

ሁለተኛው፣ ለቅሶ በሰማን ቁጥር ጡት ማጉረስ። ርቦት ከሆነ እሰየው። ግን እንቅልፉ መጥቶ፣ ሞቆት ወይም ዳይፐሩ ረጥቦ ሊሆን ይችላል። መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ያዘለችው ልጅ ሲነጫነጭ ቡናውን እየቀዳች መጀመሪያ ወዝወዝ ታደርገዋለች፣ እንቢ ካለ እጇን ወደ ኋላ ልካ እግሩን ትዳብሳለች፣ አሁንም ካላቆመ ነው አውርዳ የምታጠባው። ልጇን ታውቀዋለች! አይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ያየችውም ከዚህ አይርቅም፦ ስለ ልጃቸው ጥቃቅኑን ሳይቀር የሚያወሩ እናቶች ልጆች በእናታቸው ይበልጥ የሚተማመኑ ሆነው ተገኝተዋል።

ሕፃኑ ፊቱን ሲያዞር ማባበሉን አለማቆምም አለ። እንግዳ ሲበዛ በተለይ። ደክሞታል፣ ተዉት።

ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ ተደብቀሽ አትውጪ። ባጃጁ በር ላይ ቢያጣድፍሽም ሳሚው፣ «ማታ እመጣለሁ» በይው፣ ከዚያ ለሚይዘው ሰው ስጪው። ያለቅሳል፣ አዎ። ግን ድንገት ከምትጠፊበት፣ ስትሄጂ እያየ፣ ስትመለሺም እያየ ቢለምድ ይሻለዋል።

የመጨረሻው ግን በጣም ያንገበግበኛል፦ ጥፋቱን ሁሉ እናት ላይ መደፍደፍ። እ.ኤ.አ. በ1997 ስልሳ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና የእናት ምላሽና የልጁ መተማመን በእርግጥ እንደሚገናኙ አረጋግጧል፤ ግንኙነቱ ግን መካከለኛ ነው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። አንዳንዴ ሳይገባሽ ቢቀር፣ ዘግይተሽ ብታነሺው ልጁ አይበላሽም፤ ተመልሰሽ ማባበልሽ ነው ቁም ነገሩ። አባትም፣ አያትም፣ ሞግዚትም ቶሎ ደርሰው ሊያቅፉት ይገባል፤ ሕፃን የሚተማመነው በአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከወለድሽ ሁለት ሳምንት አልፎም ሐዘኑ አልለቅ ካለሽ፣ ልጁን ማየት እንኳ ከደከመሽ፣ «የአራስ ነገር ነው» ሲሉሽ ዝም አትበይ፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ሕክምና አለው።