ተማሪዎችን ይዘው ወደ ጓሳ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንዝ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ የሣር ምድር ደጁ ነው። ብርዱን፣ ዳገቱን፣ ጉሙን ከልጅነቱ ለምዶታል። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ ለመጣ ተማሪ ግን ሁሉም ነገር አዲስ ነው። በሰሜን ሸዋ ተራሮች ተማሪ ይዤ ስዞር የሠራኋቸውም ሆኑ ሌሎች ሲሠሩ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው። እኛ የለመድነውን እንግዳውም የለመደው ይመስለናል። አዲስ ለምትጀምሩ አስጎብኚዎችና ተማሪ ይዛችሁ ለምትመጡ መምህራን ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከባስ እንደወረዱ ዳገት ማስወጣት

ይህን ያስቀደምኩት ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ነው። ጓሳ ያለው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ የመጣ ልጅ በአንድ ጊዜ 2,000 ሜትር ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ከቆላ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይዤ ነበር። በፕሮግራማቸው መሠረት ከሰዓት ደርሰው ወዲያው ተራራ መውጣት አለባቸው። እኔም እሺ አልኩ። አንዲት ልጅ ከኋላ ቀረት ትላለች። "ደከመሽ እንዴ የኔ እህት?" አልኳት። "ኧረ ምንም አልሆንኩም ጋሼ" አለችኝ። ትንሽ እንደሄድን የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ቀና ማለት አቃታት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ ከዚያ አስመለሳት። ለካ ራሷን ማመም የጀመራት ገና ባስ ውስጥ ሳለች ነው። ጓደኞቿ ፊት መናገር አፍራ ነበር። በመኪና ቁልቁል ይዘናት ወረድን። ደብረ ሲና ስንደርስ ሻይ ጠየቀች። ልጅቷ ደህና ሆነች፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች በተቻለ መጠን ደብረ ብርሃን እንዲያድሩ እጠይቃለሁ። ከ2,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ስለሆነች ጥሩ ማረፊያ ናት። ጓሳ በደረሱበት ቀን ሜዳ ሜዳውን ብቻ እንሄዳለን። "ያመመው አለ?" ብዬ በጅምላ መጠየቅም ትቻለሁ፤ ማንም እጁን አያወጣም። እያንዳንዱን ለብቻው ጠጋ ብዬ እጠይቃለሁ። ራሱን ያመመው ልጅ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አይወጣም። ማስታገሻ ሰጥቶ ማስቀጠል ትልቅ ጥፋት ነው። ካልተሻለው ይወርዳል። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ልጅ ካለ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወርዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ስለ ፆም ሳይጠይቁ ፕሮግራም ማውጣት

ረቡዕና ዓርብ እስከ ሰባት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ተማሪ አለ። በሁዳዴ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ረመዳን የሚፆሙም አሉ። እኛ ሳንጠይቅ የአምስት ሰዓት ጉዞ ረቡዕ ላይ እናስቀምጣለን፤ ልጁ ባዶ ሆዱን ዳገት ይወጣል፤ ከዚያ ሲወድቅ እንደነግጣለን። ሲመዘገቡ "ትፆማላችሁ? እስከ ስንት ሰዓት?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ልፋት የለውም። በፆም ቀን እየተቀመጡ የሚሠሩትን አድርጉ፤ ሣር መለየት፣ ወፍ መቁጠር፣ ከሽማግሌ ጋር መጨዋወት።

ስለ ምግብ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ እንኳን ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ምስሩም ሩዙም ከተማ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ይፈጃል። ርቦት የሚጠብቅ 40 ልጅ ይዛችሁ ይህን ማወቅ አለባችሁ። በሶና ቆሎ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። በሶ ለማንም ይሆናል፣ የፆም ነው፣ እሳት አይፈልግም።

"ጃኬት ያዙ" ብሎ መተው

ለአዲስ አበባ ልጅ ጃኬት ማለት ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብ ነው። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሚይዙትን በስሙ ጥሩላቸው፦ ወፍራም ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጓንት፣ የጆሮ ኮፍያ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ስለዚህ ሰንክሪምና ባርኔጣ። እኔ ትርፍ ባና ሳልይዝ አልወጣም። የመንዝ በግ ፀጉር ያሞቀው ልጅ ስለ መንዝ የሆነ ነገር ገብቶታል።

ከፊት ከፊት ብቻ መሄድ

መሪው ከፊት ሲፈጥን ጎበዞቹ ይከተሉታል። ደካሞቹ ሲደርሱ የፊተኞቹ አርፈው ይነሳሉ። እረፍት የሚያስፈልገው ልጅ እረፍት ሳያገኝ ይውላል። ቀስ የሚለውን ከፊት አድርጉ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ የምታምኑት ሰው ይሁን።

ጉሙን ደግሞ አትናቁት። ጣርማ በርና አንኮበር ላይ ከቆላው በኩል ሽቅብ ይመጣል፤ ጥርት ባለ ሰማይ ስር ቆማችሁ ሳለ ከአፍታ በኋላ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አታዩም። ከመነሳታችን በፊት አንድ ሕግ እናገራለሁ፦ ጉም ሲመጣ ሁሉም ባለበት ይቁም፣ ፊሽካ እስኪሰማ አይንቀሳቀስ። ከዚያ ስም እየጠራሁ እቆጥራለሁ። በጭንቅላት ብቻ ስቆጥር አንድ እረኛ ልጅ ተቀላቅሎ ቁጥሩ ሞልቶልኝ ያውቃል፤ የእኔው ተማሪ ግን ገደሉ ጫፍ ላይ ፎቶ እያነሳ ነበር። ደግነቱ ስንጠራው ሰማን።

ጭላዳን መክበብ

ጭላዳ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ስለሆነና ሰው ሲያይ ብዙም ስለማይሸሽ ልጆች የቤት እንስሳ ይመስላቸዋል። ግማሽ ክብ ሠርተው ስልካቸውን ያወጣሉ። ወንዱ የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ "ሳቀ!" ይላሉ። እየሳቀ አይደለም፤ ራቁ እያለ ነው። ረጃጅም ክራንቻውን ያየ ሰው ይገባዋል። ራቅ ብላችሁ አስቀምጧቸው፣ ወደ ገደሉ የሚሄድበትን መንገድ አትዝጉበት፣ ምግብ አትስጡት። ማለዳ ብትመጡ ይሻላል። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ተማሪ መንጋው ሲወጣ በደንብ ያየዋል።

የምናውቀውን ሁሉ መዘርገፍ

ይህ የብዙዎቻችን ድክመት ነው። አገራችንን እንወዳለን፤ አንዴ ከጀመርን ማቆም ያቅተናል። ልጆቹ ግን ንፋስ ላይ ቆመው የአንድ ሰዓት ንግግር አይሰሙም። ከንግግሩ ይልቅ ጥያቄው ይሠራል። ለምሳሌ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲንጎራደድ ይታያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም። "ለምን ይመስላችኋል?" ብላችሁ ዝም በሉ። ሃያ ዓይነት መልስ ይመጣል። ከዚያ እዚሁ ጓሳ ላይ የተጠናውን ንገሯቸው፤ ቀበሮው ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ በመንጋው መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ይበልጥ ይቀናዋል። አይረሱትም።

ስለ ጓሳ ሣርም እንዲሁ ነው። የቄሮን ሥርዓት፣ ማለትም ሕዝቡ ጓሳን በጋራ የሚጠብቅበትን የቆየ ደንብ፣ እኔ በቃል ስነግራቸው ያዛጋሉ። አንድ ቀን ግን አንድ አባት ጓሳ ነጭተው መዳፋቸው ላይ እየፈተሉ ገመድ አደረጉት። "በሉ ጎትቱ" አሉ። አራት ልጅ በአንድ ወገን፣ አራት በሌላው። አልተበጠሰም። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። አባባም ጓሳው ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለእረኛ ገሳ እንደሚሆን፣ ለዚህም ሲባል ለዓመታት ተዘግቶ እየተጠበቀ ቆይቶ ይታጨድ እንደነበር አጫወቷቸው። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደፈረሰ፣ ኋላም ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዴት እንደገና መጠበቅ እንደጀመረ ሲናገሩ ከልጆቹ አንድም ስልክ የነካ አልነበረም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የቀን አበሉን በደንብ ክፈሉ። አስተማሪ ነው።

እረኛ ልጆችንም እንደ ዕቃ ፎቶ አታስነሱ። አስቀድማችሁ ለተማሪዎቹ ንገሯቸው። ሰላምታ ይሰጣጡ፣ ስም ይጠያየቁ፣ ከፈቀደ ያንሱ። እኩያቸው ነው፤ ምናልባት ያን ቀን ከትምህርት ቤት የቀረው በግ የሚጠብቅ ስለጠፋ ይሆናል።

ሌሎች ትንንሽ የሚመስሉ

ሽንት ቤት የት እንዳለ ወይም ከሌለ ሴቶቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ ገና ሲደርሱ ይነገር፤ ሳይነገራቸው ቀርቶ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች አይቻለሁ። ውሃ አለመጠጣት ደግሞ ያንን የከፍታ ራስ ምታት ያባብሰዋል። የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ተቆጥሮ እንደገባ ተቆጥሮ ይውጣ። ከመንገድ በፊት የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ ወረዳው ዘንድ ደውላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደስ ካላላችሁ ቀኑን ለውጡ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ከጉብታ ወርዳችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉ።

ባሱ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ አንዴ ቁጠሩ፤ በስም።