ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ሰው የአእምሮ ልምምድ ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ስኪዞፍሬኒያ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና ሰውን መጠራጠር ነው። ቤተሰብን ለዓመታት የሚያደክመው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሱቅ የተላከው ልጅ ግማሹን ረስቶ ይመለሳል። ወሬ መሃል ሐሳቡ ይጠፋበታል። ሥራ ይጀምርና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ለዚህ የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ትኩረትን፣ ማስታወስንና ማቀድን ደጋግሞ የሚያለማምድ ሥልጠና ነው። በደንብ ከተያዘ ይጠቅማል፤ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ላይ ነው።

«ሰንፏል» ማለት

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ይመስለኛል። የመርሳቱና የመዘግየቱ ነገር የበሽታው አካል ነው፤ ብዙዎች ላይ እንዲያውም ድምፅ መስማት ከመጀመሩ በፊት ይታያል። መድኃኒቱ ድምፁን ሲያስታግስ ይሄኛው ባለበት ይቀራል። እናት ታዲያ «ልጄ ድኗል፣ ለምን አይሠራም?» ትላለች። እማማ፣ ልጁ አልሰነፈም።

ልምምዱን በመድኃኒት ቦታ መተካት

አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዋ ቲል ዋይክስና ባልደረቦቿ 40 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ሥልጠናው ማስታወስንና ትኩረትን አሻሽሏል፣ መሻሻሉም ቆይቷል። በሕመሙ ምልክቶች ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነበር፤ እሱም አልዘለቀም። የበለጠ የተጠቀሙትም ሲጀምሩ ሕመማቸው የተረጋጋላቸው ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወይም የወር መርፌው ይቀጥላል፣ ልምምዱ በላዩ ይጨመራል።

ስልክ ሰጥቶ ብቻውን መተው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አእምሮ ያሰላሉ የሚባሉ የስልክ ጨዋታዎች ሞልተዋል። ሉሞሲቲ የተባለውን የሚሸጠው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ያልተረጋገጠ ጥቅም አስተዋውቋል ተብሎ ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ጨዋታው በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ጨዋታ ደጋግሞ ሲጫወት ጨዋታው ላይ ጎበዝ ይሆናል፣ ኑሮው ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ 130 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ውጤቱን ከፍ የሚያደርጉ ነገሮችን ለይቷል፦ አብሮ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው መኖሩ፣ ደጋግሞ መለማመድ፣ ዘዴ መማር፣ ከዚያም የተማሩትን ከዕለት ኑሮ ጋር ማያያዝ።

ዘዴ ስል ምን ማለቴ ነው? ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ወንድማችሁን «ከፊራ» ወደሚባለው ገበያ ልትልኩት ነው እንበል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት። መጀመሪያ ራሱ ይጻፈው። ከዚያ ድምፁን አውጥቶ ይድገመው፣ የትኛውን መጀመሪያ እንደሚገዛ ይወስን፣ ባጃጅ ላይ ስንት ከፍሎ ስንት መልስ እንደሚቀበል አስቀድሞ ያስላ። ሲመለስ ቁጭ ብላችሁ የቱ ጋ እንደከበደውና በምን እንደተወጣው አውሩ። በሌላ ቀን ያንኑ ዘዴ ለመድኃኒት ሰዓት ወይም ለቀጠሮ ይጠቀምበት። ስልኩ ላይ ማንቂያ መሙላት፣ በሩ ላይ ወረቀት መለጠፍም ነውር የለውም። ኮምፒውተር የለንም ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ እዚሁ አገራችን ሶዶ ወረዳ ውስጥ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎች ለ12 ወር ቤት ለቤት እየሄዱ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሲደግፉ የታማሚዎቹ የዕለት ኑሮ ተሻሽሏል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የአእምሮ ልምምድ ብቻውን አልነበረም፤ ግን ሰው አጠገብ ሲኖር ምን እንደሚቻል ያሳያል።

ከከባዱ መጀመርና እንግዳ ፊት መፈተን

«ይሄን እንኳን አታውቅም?» ከተባለ ነገ አይቀመጥም። አብዛኛውን በሚመልሰው ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አጭር ይሁን፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይሁን፣ ግን አይቋረጥ።

የጫት ምርቃናን እንደ ንቃት መቁጠር

አቦ፣ ይሄን ድሬና ሐረር ላይ ሆኖ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ባርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ ልጁ ስለሚያወራና ዓይኑ ስለሚበራ «አሁን ነው ማለማመድ» የሚሉ አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን አእምሮን የሚያነሳሳ ነገር ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ሰው ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ባርጫው የሰፈሩ ሁሉ መገናኛ ስለሆነ ማራቁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚሄድበትና የሚያገኘው ሰው ካላዘጋጃችሁለት «ተው» ብቻ አይሠራም። ልምምዱን ጠዋት አድርጉት፣ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ ሌሊቱን በደንብ ከተኛ በኋላ።

ስለ መንቀጥቀጥ ኪኒኗ አለመጠየቅ

እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ሰውነትን ግትር ስለሚያደርጉና ስለሚያንቀጠቅጡ ሐኪም ብዙ ጊዜ ትራይሄክሲፌኒዲል ይጨምራል፤ አርቴን የሚሉትም አሉ። መንቀጥቀጡን ታስታግሳለች፣ ግን ራሷ ማስታወስን ልታዳክም ትችላለች። ልጁን እያለማመዳችሁ በሌላ በኩል ኪኒኗ ወደ ኋላ እየጎተተችው ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፣ እንዳትቀንሱም። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ቀጠሮው ላይ ሂዱና «ይቺ አሁንም ታስፈልገዋለች ወይ? መጠኗስ ሊቀነስ ይችላል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።